የሸዋሮቢት ፀሐይ ያሳደገው ቅጠል

እኛ ቤት የቴሌቪዥኑን ሪሞት በጣቱ የነካ ሰው የለም። ከተገዛ ጀምሮ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው። ከላስቲኩ ስር ቁልፎቹ ገና ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው፤ ላስቲኩ ራሱ ግን በጣታችን ላብ ደብዝዞ ቁጥሮቹን ማየት ካቆምን ቆየን። በግምት እንጫናለን። ዜና ስንፈልግ ኳስ ይመጣል፤ ኳስ ስንፈልግ የማናውቀው አገር ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ እናያለን። ሶፋችንም ከነመጣበት ላስቲክ ነው፤ ባለቤቴ ረሂማ ማንም እንዲገፈው አትፈቅድም። ሸዋሮቢት ምን ያህል እንደሚሞቅ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የማታውቁ አንድ ቀን መጥታችሁ እኛ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። እንግዳ ሊሰናበት ብድግ ሲል ሶፋው ሊሸኘው አብሮት ይነሳል።

አትሳቁ። እናንተም ስልካችሁን መስታወት አስለጥፋችሁ፣ በላዩ ክዳን አልብሳችሁ ነው የምትይዙት። የቆላ አቧራ ደግሞ ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ማሳ መንገዱን ተሻግሮ ሳሎን ይገባል። ስለዚህ የወደድነውን እንሸፍናለን። ሰው ስስት ይለዋል፤ እኔ ፍቅር ነው የምለው። አሁን የማወራችሁ ይህ ፍቅር ስላደረገው ነገር ነው።

የምሠራው ከተማው ዳር ባለ አነስተኛ የሰብል ምርምር ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ሥራዬ ዕቃ መጠበቅ፣ ዕቃ ማጽዳትና ዕቃ ሲበላሽ ከሁሉም ቀድሞ ማዘን ነው። ባለፈው ዓመት ሌዘር ያለው ማይክሮስኮፕ መጣልን። እንደማንኛውም ማይክሮስኮፕ ትንሹን አጉልቶ ያሳያል። ልዩ የሚያደርገው ከጀርባው ያለው ሳጥን ነው። ከሳጥኑ አልትራቫዮሌት የሚባል፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ይወጣና በማይክሮስኮፑ ጀርባ ባለች አውራ ጣት በምታክል ቀዳዳ ይገባል። በሌንሶቹ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ከፀጉር የቀጠነ ምላጭ ሆኖ ይወጣል። ቅጠል ብታቀርቡለት ከቅጠሉ ላይ የፈለጋችኋትን ነጥብ ብቻ ዙሪያዋን ቆርጦ ይሰጣችኋል። ያቺን ነጥብ ወስዶ ውስጧ ምን እንዳለ መመርመር የተመራማሪዎቹ ፋንታ ነው።

ሊተክልልን ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ጨዋ ሰው ነበር። እየሠራ ያስረዳኛል። "ይሄ ብርሃን ተራ መስታወት አይወድም፤ መስታወቱ ይውጠዋል። በመንገዱ ላይ ያሉት ሌንሶች በሙሉ ከልዩ ማዕድን የተሠሩት ለዚህ ነው" አለኝ። እኔም "እሺ፣ እሺ" አልኩት። እውነቱን ለመናገር የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር፤ እኔን ያስጨነቀኝ እንግዳው ሳይበላ እንዳይሄድብኝ ነው። እሱ ስለ ብርሃን ሲናገር እኔ በልቤ ጥብስ እያዘዝኩ ነበር። በእኛ አገር "እሺ" ማለት ሁልጊዜ ሰማሁ ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ በቃ አትድከም ማለት ነው። ከምሳ በኋላ አንድ ተራ ቅጠል አስገብቶ ቆረጠልን፤ ትንሿ ነጥብ ከቅጠሉ ተለይታ ስትወድቅ አይቼ አልሃምዱሊላህ አልኩ። እሱም ሄደ።

በማግስቱ ንፋስ ተነሳ። ቤተ ሙከራውን ዘጋግቼ ማይክሮስኮፑን ሳየው ያቺ ከጀርባው ያለችው ቀዳዳ አፏን ከፍታ ቁጭ ብላለች። ይህን ሁሉ ውድ ነገር ሠርተው ለአቧራ በር መተዋቸው ገረመኝ። ፈረንጆቹ እኛን ሲያስቡ የረሱት ነገር ቢኖር ይህ ነው አልኩና ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። እዚያ ስልክ የሚጠግንና መስታወት የሚለጥፍ አንድ ደንበኛዬ አለ።

"ጥሩውን ነው የምሰጥህ" አለኝ። "ተራው አይደለም። ዓይን የሚጎዳ ጨረር አያሳልፍም።"

"ደግ ነው" አልኩት፤ "እኛም ያለን ጨረር ነው።"

ትንሽ ስልክ የሚያለብሰውን መርጠን ወሰድኩ። ቀዳዳዋ ላይ ስለጥፈው አንዲት አረፋ እንኳ አልገባችበትም። ወዲያ ማዶው ጥርት ብሎ ይታያል፤ የለም ብትሉ ይሻላል። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አሁን ሰዓዳን ላስተዋውቃችሁ። ሰዓዳ ባልደረባችን ናት፤ የዶክትሬት ጥናቷን የምትሠራው በማሾ ላይ ነው። የአባቷ የጋሼ እንድሪስ ማሳ ወደ ካራቆሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በዚያ ክረምት ቅጠል የሚያቢጫ በሽታ ገብቶ የአካባቢው ማሾ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። የጋሼ እንድሪስም እንደዚያው። ከድንበሩ ላይ ብቻ አንዲት ተክል ምንም ሳትሆን አረንጓዴ ሆና ቀረች። ጋሼ እንድሪስ "ይህቺ ከአሮጌው ዘር ናት" አሉ። አሮጌው ዘር ከአባቶቻቸው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነበር፤ ቤታቸው በተቃጠለ ጊዜ ጎተራው አብሮ ነደደ። ከዚያ ወዲህ የሚዘሩት ከገበያ የገዙትን ነው። ድሮ ከእጃቸው የወደቀች ፍሬ ድንበሩ ላይ በራሷ ስትበቅል ኖራ ይሆናል ባይ ናቸው።

ሰዓዳ ተክሏን ከነአፈሯ አንስታ በተቆረጠ ጀሪካን ወደ ቤተ ሙከራው ስታመጣት አባቷ አልከለከሏትም። የተናገሩትን ግን እሷው ነግራኛለች። "ተማሪባት። ግን ዘር ሳትሰጠኝ እንዳትደርቅ። ይህቺ ከደረቀች የአባቶቼ ማሾ አለቀ።" እሷም ቃል ገባች።

ታዲያ ተክሏ አበባ በያዘች ሰሞን ሰዓዳ ለትምህርቷ ጉዳይ አዲስ አበባ ተጠራች። ቅጠሉ ሳያረጅ በሌዘሩ መቆረጥ ነበረበት። ጀሪካኑን ይዛ መጣችና "ጋሼ፣ አንዲት ቅጠል ብቻ" አለችኝ። "ከታች ያለችውን። ከዚያ በላይ ከተነካች ፍሬ መሙላት ያቅታታል።"

"ለእኔ ተይው፤ ሐሳብ አይግባሽ" አልኳት።

መሐንዲሱ ከሄደ ወዲህ ለሌዘሩ የመጀመሪያ ሥራው ነበር። አንዲቷን ቅጠል በመቀስ ቆረጥኩ። መጋረጃውን ዘጋሁ፤ ቬንቲሌተሩን አጠፋሁ፤ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋልና። መከላከያ መነጽሬን አደረግሁ፤ ላቤ ከግንባሬ ወርዶ መነጽሩ ውስጥ ተጠራቀመ። ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩ። ሳጥኑ ያጉረመርማል፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ቅጠሉም በማይክሮስኮፑ ጥርት ብሎ ይታየኛል። አልተቆረጠም። ኃይሉን ጨመርኩ። አልተቆረጠም። ብርሃኑ ከሳጥኑ ወጥቷል፤ የት እንደገባ ግን አይታወቅም። ድሮም የማይታይ ነገር ሲጠፋ በምን ይፈለጋል? እኔ ስታገል ቅጠሉ በሙቀቱ ጠወለገ።

እናንተ አሁን "ለምን ሌላ ተራ ቅጠል አልሞከርክም?" እያላችሁኝ ነው። ልክ ናችሁ። ነገር ግን እኔ ምክንያቱን አግኝቼው ነበር፤ ምክንያት ያገኘ ሰው ደግሞ መሞከር ይሰለቸዋል። አልትራቫዮሌት ከፀሐይ የሚመጣ ጨረር አይደል? ይህን ቅጠል ያሳደገው ማነው? የሸዋሮቢት ፀሐይ። ቆርቆሮ የሚያጎብጥ፣ ጫማ የሚያቀልጥ ፀሐይ ጠዋት ማታ ሲገርፈው ኖሮ በሳጥን ተጭኖ ለመጣ ጨረር ይንበረከካል? በሽታው ያልደፈረው፣ ጨረሩም ያልደፈረው በአንድ ምክንያት ነው፤ ይህ ቅጠል ጠንካራ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ሁለተኛ ቅጠል ቆረጥኩ። እሱም እምቢ አለ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?

ለአለቃችን ለአቶ ደምሴ ነገርኳቸው። አቶ ደምሴ የአሊዩ አምባ ልጅ ናቸው፤ ቆላን የሚያስመሰግን ወሬ በጾም ቀን እንደ ምግብ ነው ለእሳቸው።

"በዓይኔ ካላየሁ አላምንም" አሉ። ሌላ ቅጠል ተቆረጠ። ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክለው፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ ቆዩ። ቅጠሉ ንቅንቅ አላለም። ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቷል።

"እኛን ፀሐይ ያልቻለን ሌዘር ይችለናል?" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ይሄ ግኝት ነው። ለበላይ መንገር አለብን።"

የበላይ ሰዎች መጡ። እነሱም በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም። እነሱ ከሄዱ በኋላ የሰሙት ደግሞ ያዩትን ሰዎች አላመኑም፤ ራሳቸው ሊያዩ መጡ። ወሬው ከግቢ ወጣ። ጠዋት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ዞር ብሎ "ያ እሳት የማይበላው ማሾ እናንተ ጋ ነው አሉ?" አለኝ። ሌዘሩ እሳት ሆኖ፣ ቅጠሉ ከእሳት ተርፎ አስፋልቱን ተከትሎ ወርዷል። አንዲት ጎረቤታችን ለልጇ አንገት የምታስርለት ቅጠል ፈልጋ ረሂማን ለመነቻት። ረሂማም ማታ እራት አቅርባ "አንድ ቅጠል ምን አላት?" አለችኝ። እሱን እንኳ ከለከልኩ። የከለከልኩት እሱን ብቻ ነው።

ቅጠሉ ዝነኛ እየሆነ በሄደ መጠን ተክሏ ራቁቷን እየቀረች ነበር። አላየሁም አልልም። ጠዋት ጠዋት ውሃ ሳጠጣት ሰዓዳ "አንዲት ብቻ" ያለችው ይሰማኛል። ከዚያ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው መጥቶ "እስቲ አሳየን" ይላል፤ እኔም ነጭ ጋወኔን አስተካክዬ መቀሴን አነሳለሁ። በሕይወቴ ሰው እኔን ለማየት ተራ ጠብቆ አያውቅም። ደስ ይላል፤ ምን ልዋሻችሁ።

ሰዓዳ ስትመለስ ተክሏ ላይ የቀረው ጫፏ ላይ ያለች አንዲት ቅጠልና ገና ያልሞላች አንዲት እሸት ነበር።

በሩን ከፍታ ገባች። ሰላም ሳትለኝ ጀሪካኑን አየች። እኛ ዘንድ ሰላምታ የሚዘለለው መርዶ ሲኖር ነው። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ ቀረች።

"ጋሼ፣ ምን ሆና ነው?"

ስለ ሸዋሮቢት ፀሐይ ነገርኳት። አቶ ደምሴ እንዴት እንደተደሰቱ፣ የበላይ ሰዎች ምን እንዳሉ ነገርኳት። እየተናገርኩ ድምፄ እየቀጠነ ሄደ። አላቋረጠችኝም፤ ብታቋርጠኝ ይሻለኝ ነበር።

"የታመመውን ቅጠል ሞከሩት?" አለች ስጨርስ።

"የቱን የታመመ?"

"ከማሳው። ቢጫውን።"

አልሞከርኩም አልኳት። ወጥታ ከግቢያችን የማሾ ሙከራ መደብ ቢጫ ቅጠል ቀጥፋ መጣችና ከማይክሮስኮፑ ስር አስገባችው። ተጫነች። አልተቆረጠም። ያን ልምሾ፣ በሽታ የጨረሰውን ቅጠል የእኔ ሌዘር አልነካውም።

ቀጥላ ከጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ቀደደች። ነጭ ወረቀት ያንን ብርሃን ሲያገኝ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ይህንንም መሐንዲሱ ነግሮኝ "እሺ" ብዬው ኖሯል። መነጽራችንን አድርገን መጋረጃውን ዘጋን። ወረቀቱን በመቆንጠጫ ይዛ ከሳጥኑ አፍ ላይ አደረገችው፤ በራ። ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋችው፤ በራ። ከቀዳዳዋ ወዲህ፣ ማይክሮስኮፑ ውስጥ አደረገችው፤ ጨለመ። ሳጥኑን አጥፍታ ቀዳዳዋን በጥፍሯ ነካች፤ ቀጭ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የአቧራ መከላከያ ነው። እኔ ነኝ የለጠፍኩት" አልኩ። ከዚያም ጨመርኩላት፤ "ተራው አይደለም፤ ጥሩው ነው። ጨረር አያሳልፍም።"

ያን ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔም እንደ ሌላ ሰው ሰማሁት።

እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ። በዚያ መስታወት ውስጥ ማዶው ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር። ለእኔ ዓይን የሌለ ነገር ስለሆነ ለብርሃኑም የሌለ መሰለኝ። ለካ ግድግዳ ነው ያቆምኩበት፤ ያውም ከስንት ግድግዳ መርጬ። ክፉ አስቤ ቢሆን ያን ያህል አልጎዳም ነበር፤ ክፉ የሚያስብ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል።

ሰዓዳ በምላጭ ጠርዙን ፈንቅላ መስታወቱን አነሳችው። ቢጫው ቅጠል ወዲያው ተቆረጠ። ማናችንም ደስ አላለንም። ሁለታችንም የምናየው ጀሪካኑን ነበር።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳና ጋሼ እንድሪስ ገቡ። ቀኑ አርብ ነው፤ ከጁምዓ ሰላት ተመልሰው ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ፣ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ነው። ካራቆሬ ገበያ ላይ ወሬውን ሰምተዋል። "የእንድሪስ ማሾ እሳት አይበላውም" ተብሎላቸዋል። ልጃቸውንና ማሾአቸውን አንድ ላይ ሊያዩ፣ እየሳቁ ነው የመጡት።

ያን ሳቅ ሳይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀድሜ ካልተናገርኩ ሰዓዳ ልትሸከምልኝ እንደሆነ ከፊቷ አነበብኩ።

"ጋሼ እንድሪስ" አልኩ፤ "እሳት አልበላውም። የበላሁት እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው ጀሪካኑ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። እሸቷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት።

"ገና ናት" አሉ።

ቢቆጡኝ ጸሎቴ ነበር። ወደ ልጃቸው ቀና አሉ።

"ይህችን የቀረችውን ቅጠል ብትቆርጪያት እሸቷ ትሞላለች?"

"ላትሞላ ትችላለች፣ አባ።"

"ባትቆርጪያትስ?"

"ልትሞላ ትችላለች። ለምን እንዳልታመመች ግን ሳናውቅ እንቀራለን።"

"ብታውቂ ምን ታደርጊበታለሽ?"

"እሷን ያዳናትን ነገር በሌላው ማሾ ውስጥ እንፈልገዋለን። ካገኘን ለሁሉም ማሳ ይሆናል።"

"ለካራቆሬ?"

"ለካራቆሬም፣ ለአጣዬም።"

ጋሼ እንድሪስ አገጫቸውን ያዙ። "የጎረቤቶቼን ማሳ በየቀኑ እያየሁ ነው የማልፈው" አሉ። "ቢጫ ነው። ሰላም ሲሉኝ ቀና ብለው አያዩኝም። እኔ ብቻዬን ዘር ይዤ በመሐላቸው ምን ብዬ እኖራለሁ? ቁረጪያት።"

"አልቆርጣትም፣ አባ። ቃል ገብቼልዎታለሁ።"

"ቃሉ ለእኔ ነበር። ትቼልሻለሁ።"

ሰዓዳ መቀሱን አነሳች። ቅጠሏ ድረስ አስጠግታ መልሳ አስቀመጠችው። ሁለቱም ወደ እኔ ሲያዩ እኔ እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። ጋሼ እንድሪስ መቀሱን ወሰዱ፤ ቢስሚላህ አሉ፤ ራሳቸው ቆረጧት። ቅጠሏን በሁለት እጃቸው ለልጃቸው ሰጧት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ፈጣን ነው። ሰዓዳ መስመሩን አሰመረች፤ ሳጥኑ አጉረመረመ፤ ዓይን የማያየው ብርሃን በዚያች ባዶ ቀዳዳ ገብቶ መንገዱን ሄደ። የተፈለገችው ነጥብ ዙሪያዋን ተቆርጣ ወረደች። ጋሼ እንድሪስን ከቅጠሉ የቀረውን እንዲያዩ ወንበሩ ላይ አስቀመጥናቸው። አንዱን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ክፍል የተደረደሩትን የቅጠሉን ሕዋሳት ብዙ አዩ።

"ይሄ ሁሉ ቤት በአንዲት ቅጠል ውስጥ ነው?" አሉ።

"አዎ አባ" አለች ሰዓዳ። ስታለቅስ ነበር፤ እሳቸው ማይክሮስኮፑ ላይ ስለሆኑ አላዩዋትም።

ሰዓዳ መልሱን እስካሁን እየፈለገች ነው፤ ሊገኝም ላይገኝም ይችላል። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዬ አንድ ሆነ፤ ቅጠል የሌላት አንዲት ዘንግ መጠበቅ። ጠዋት ውሃ፣ ቀትር ላይ ጥላ። አቶ ደምሴ በአጠገቤ ሲያልፉ ወደ ሌላ ያያሉ፤ የበላይ ሰዎችም አልደወሉም። ባጃጅ ላይ ስለ ማሾ የሚጠይቀኝ ጠፋ። ዘንጓ አረንጓዴነቷን እንደያዘች ሰነበተች፤ እሸቷም ቀስ እያለች ጠቆረች።

የደረቀች ዕለት ጋሼ እንድሪስ መጥተው በጥፍራቸው ከፈቷት። አብዛኛው ፍሬ ተጨማዶ ነበር። የሞሉት ጥቂት ናቸው። ጥቂቶቹን መሐረባቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ፤ ለሰዓዳ ከፍለው ሰጡ። ከዚያ የእኔን ቀኝ እጅ ያዙና መዳፌ ላይ አንዲት አኖሩ።

"አንተም ትዘራለህ።"

"እኔ? ጋሼ እንድሪስ፣ እኔ ነኝ እኮ ያጠፋሁት።"

"ለዚህ ነዋ። ከእንግዲህ ለዚህች ማሾ እንደ አንተ የሚፈራላት ሰው ከየት አገኛለሁ?"

ፍሬዋን ጨበጥኳት። ባጃጁ ሲነጥር ከእጄ እንዳትወድቅ ብዬ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሰላም ሊለኝ እጁን ለዘረጋልኝ ሁሉ፣ ከማዕድ እንደተነሳ ሰው የቀኝ እጄን አንጓ ሰጠሁት፤ ጣቶቼን ግን አልፈታሁም።